ከመስኮቱ ሥር የተበሳው ቀዳዳ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመካበት ፈልጌ አይደለም፤ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ የሚያውቀኝ ሁሉ ስለሚለው ነው። ገበያ ወጥቼ ገብስ ስገዛ እጄን እስከ ክንዴ ከጆንያው ከትቼ ከሥሩ ያለውን ሳላይ ዋጋ አልጠይቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚሉትን ተረት ሌላው ሲስቅበት እኔ ስኖርበት ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የጋዝ ምድጃ ጭኖ ሲመጣ እልል ያላልኩት ለምን እንደሆነ የሚያውቀኝ አይጠይቅም።

ነገሩን ያመጣው የአባባ ደረት ነው። አባባ ሰማንያን አልፈዋል፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የኩበት ጭስ ሲምጉ ኖረው ደረታቸው ተጎዳ። ሐኪሙ «ጭስ እንዳያገኛቸው፣ ብርድም እንዳያገኛቸው» አለን። ጉድ እኮ ነው፤ በእኛ አገር አንዱን ስታስወጣ ሌላው በዚያው በር ይገባል። ወንድሜ «እንግዲያው እኔ ዘንድ ይምጡ፤ አዲስ አበባ ይሻላቸዋል» አለ። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አሉ። ሁለቱም ግትር ናቸው። ምድጃው እንግዲህ ማስታረቂያ ሆኖ መጣ። የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ በደኅና ካሳለፋቸው ይቀራሉ፤ ካላሳለፋቸው ይሄዳሉ ተባለ።

ዕቃው ወገብ የሚደርስ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ እንጨት የሚመስል ግን እንጨት ያልሆነ ነገር። አብሮ የመጣው ባለሙያ ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ አቆመ፣ ጭስ ማውጫውን በጣራው አወጣ፣ ከዚያ ሪሞቱን ለአባባ ሰጣቸው። አባባ አንድ ጊዜ ጫን ሲያደርጉት ከመስታወቱ ኋላ እሳት ብድግ አለ። «ተቀምጦ እሳት መለኮስ» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እሳት ጎንበስ ብለው፣ እፍ ብለው፣ ዓይን እያነባ የሚያገኙት ነገር ነው። በጣት የሚታዘዝ ከሆነ በማን ጣት እንደሚታዘዝ በምን አውቃለሁ?

ባለሙያው ማስጠንቀቂያውን ጀመረ። እሳቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ሪሞቱን አትጫኑ። ሰው በሌለበት ክፍል አታብሩ። መጋረጃ አታስጠጉ። ከቤት ስትወጡ ሲሊንደሩን ዝጉ። ጋዝ ከሸተታችሁ ማብሪያ ማጥፊያ ሳትነኩ በሩን ከፍታችሁ ውጡ። እኔ ጣቴን እያጠፍኩ እቆጥራለሁ፤ በቆጠርኩ ቁጥር ልቤ እየሸሸ ሄደ። ደግ ዕቃ ይህን ያህል «አታድርጉ» ምን ያደርግለታል?

በመጨረሻ መሰርሰሪያ አወጣና ከመስኮቱ ሥር ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ በሳ። የብረት ወንፊት ገጠመበትና «ይህ ፈጽሞ እንዳይደፈን፤ እሳቱ አየር ይፈልጋል» አለ። የመንዝ ሰው የገዛ ቤቱ ግድግዳ ሲበሳ ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይቸግራል። እኛ ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳ ለግድግዳ እየዞርን ስንጥቅ የምንፈልግ ሰዎች ነን። በጓሳ ሣር እንወትፋለን፣ ከላዩ በጭቃና በእበት እንለስናለን። ንፋስ የሚያስገባ ቤት ያላት ሴት ስሟ በደግ አይነሣም። እሱ ግን በብረት በሳውና ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሁን አለኝ። ተሳስቶ በስቶ ስሕተቱን ሕግ ያደረገው መሰለኝ። እንዲያው ለይሉኝታ «እሺ» አልኩት።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሪሞቱን ከኪሴ አኖርኩት። አባባ «ልጄ፣ እስቲ እሳቷን» ሲሉኝ እኔው አበራለሁ፣ እኔው አጠፋለሁ። ሳምንት ያህል ነገሩ ደኅና ነበር። የኅዳር ንፋስ ከጓሳ ሜዳ መውረድ ሲጀምር ግን በዚያ ቀዳዳ እየገባ በቀጥታ የአባባን ጉልበት መታ። ሳላቸው ባሰ። ጋቢ ደረብኩ፣ ወንበራቸውን አዞርኩ፤ ንፋሱ ዞሮ ያገኛቸዋል። ብርድ የመታው ሽማግሌ መጨረሻው ምን እንደሆነ ከወዳጆቻቸው ቀብር አውቀዋለሁ። አንድ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ዞርኩና ቀዳዳውን በጓሳ ሣር ጠቅጥቄ ወተፍኩት፣ በእበት ለሰንኩት፣ ከክረምቱ ያተረፍኩትን ኩበት አስደግፌ ደረደርኩበት። ከውስጥ ወንፊቱ እንደነበረ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ስገባ ቤቱ ሞቆ አባባ እንቅልፍ ወስዷቸው አገኘሁ፤ ባለሙያውን በሆዴ ተሳለቅሁበት።

ከዚያ ወዲያ ነው እሳቱ በገዛ እጁ መጥፋት የጀመረው። አብርቼ ወደ ማጀት ገብቼ ስመለስ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። እጭናለሁ፣ ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶ ድርግም። ጥርጣሬዬ ሥራ አገኘ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎረቤቴን ቴሌቪዥን ነው። ግድግዳ ነው የሚለየን፤ የእሷ ሪሞት የእኔን እሳት እያጠፋ እንደሆነስ? ሄጄ «እስቲ የምትጫኚውን አሳዪኝ» አልኳት። አሳየችኝ፤ ምድጃው ንቅንቅ አላለም። እሷም እስከ ዛሬ ባገኘችኝ ቁጥር «እሳትሽን ላጥፋልሽ?» ትለኛለች።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ወንድሜን ነው። ዛሬ በስልክ የማይደረግ ነገር የለም። አባባን ሊወስዳቸው ስለፈለገ እዚያ ቁጭ ብሎ እሳቱን እያጠፋ እንዲበርዳቸው እያደረገ ይሆናል አልኩ። ደወልኩለት።

«አንተ፣ እሳቱን ከዚያ ሆነህ ነው የምታጠፋው?»

«እትዬ፣ ጤነኛ ነሽ? ሪሞቱ እኮ ከክፍሉ አያልፍም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አለና ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም። የሚስቅ ሰው የሚደብቀው አያጣም ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ባትሪውን ግን ቀየርኩ።

እያደር አባባ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። እኔንም ያመኛል፤ ከጉንፋን ቆጠርኩት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከጓሮ ኩበት ላገላብጥ ስወጣ አባባ «ሪሞቱን እዚሁ ተዪልኝ፤ እሳቷ ስትጠፋ እኔው ልጫናት፤ አንቺን ማመላለስ ሰለቸኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ፀሐይ ላይ ሆኜ ሳላቸውን እሰማለሁ። ከቆይታ በኋላ ሳሉ ቆመ። ተመስገን፣ ቀለላቸው ብዬ ጥቂት አገላበጥኩ። ከዚያ ያ ክፉ አመሌ ቀሰቀሰኝ። የዓመት ሳል እንዴት በአንድ ጊዜ ይቆማል?

ስገባ ራሳቸው ወደ ደረታቸው ወድቋል። ሪሞቱ እጃቸው ውስጥ ነው። ብጣራ አይሰሙም። ያን ትልቅ ሰው በየት ጉልበቴ ጎትቼ በረንዳ እንዳወጣኋቸው አላውቅም፤ ስጮኽ ያቺው ጎረቤቴ ደረሰች። ንፋሱ ሲያገኛቸው አቃሰቱ፣ አስመለሳቸው። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ኦክስጅን ተደረገላቸውና ዓይናቸውን ገለጡ። እኔም ያን ጊዜ መሬት ቁጭ አልኩ። ምድጃውን ረገምኩት፣ ባለሙያውን ረገምኩት፣ ወንድሜንም አልማርኩትም።

በማግሥቱ ወንድሜ ባለሙያውን ይዞ ደረሰ። አባባ ከጤና ጣቢያ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ባለሙያው ምድጃውን አልነካውም። መዳፉን ከወንፊቱ ላይ አሳረፈ፣ ትንሽ ቆየ፣ ወደ ጓሮ ወጣ። ኩበቱ ሲናድ ሰማሁ። ሲመለስ ክንዱን የሚያህል የጓሳ ሣር ይዟል።

«እሳቱ አየር ሲያጥረው ሽታ የሌለው መርዝ ስለሚተፋ ራሱን ያጠፋል» አለ። «ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው። እናንተ ደጋግማችሁ አበራችሁት። ማን ነው የደፈነው?»

ስሰርቅ የተያዝኩ ያህል ዓይኔ መሬት መሬት አለ። ያን ጊዜ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ ነኝ። ለቀን ሠራተኛ ነግሬ አስደፈንኩት» አሉ።

ወንድሜ አጠገባቸው ተንበረከከ። «አባባ፣ እንግዲህ ልብዎ እየሳተ ነው። ከዛሬ ወዲያ እዚህ ልተውዎት አልችልም። አብረን እንወርዳለን።» አባባ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ያዙ፤ ጣታቸው ነጣ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በገዛ እጄ ነው የወተፍኩት። እሳቸው አያውቁም።»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። «እትዬ፣ ልትገድያቸው ነበር።»

«አዎ» አልኩት።

ሲቆጣ ማየት እፈልግ ነበር፤ አልተቆጣም። «ልባቸው አልሳተም፤ አንቺም እውነቱን ተናገርሽ፤ ይቆዩ» አለ። «ግን ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ። መዳፍሽን ቀዳዳው ላይ አድርገሽ ንፋሱ ይገባል አይገባም ትነግሪኛለሽ።» እሺ አልኩ። እኔን የማያምን ሰው ሲገጥመኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ተገቢም ነበር።

መኪናው ከሄደ በኋላ ከአባባ እግር ሥር ተቀምጬ «ለምን ዋሹልኝ?» አልኳቸው።

«ዋሸሁ እንዴ?» አሉ። «ያን ጠዋት እዚሁ ተቀምጬ ነበር። ሣሩን ስትጠቀጥቂ፣ በእጅሽ ስትለስኚ ሰምቼሻለሁ። አትድፈኚ ማለት እችል ነበር። ብርዱ ከጉልበቴ ሲነሣልኝ ደስ አለኝና መረቅሁሽ። ልጄ እጇ አይንጠፍ አልኩ።»

ምነው በረገሙኝ ኖሮ አልኩ በልቤ። ራሴን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ።