ሰባት ቤት የተቆጠረበት ቀን

እስካሁን ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ለመጻፍ ከተቀመጥኩ ወዲህ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

ኢየሩሳሌም በገባን በአራተኛው ዓመት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ የፅንሱ ልብ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ሐኪሙ የሽርት ውሃዬ በመርፌ ተቀድቶ እንዲመረመር መከረኝ፤ መርፌው ራሱ ሊያስወርደኝ እንደሚችልም አልደበቀኝም። እሺም እምቢም ማለት ሲያቅተኝ የዘር ውርስ አማካሪ ዘንድ ላከኝ። ባሌ ሥራ ላይ ስለነበር እናቴ አብራኝ መጣች።

አማካሪዋ የቤተሰቡ በሽታ ከታወቀ በምርመራው ምን እንደሚፈለግ ይታወቃል አለችን። የምታስተረጉመው እዚሁ ያደገች ልጅ ናት።

«እማማ፣ ባልና ሚስቱ ዘመድ ናቸው ወይ ትላለች።»

እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ዘመድ? ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የዳርናት! ትጻፍ!» በባሌ በኩል ሰባት፣ በእኔ በኩል ሰባት፣ በአንድ ትንፋሽ ወረደችው።

«ሬጋ፣ ሬጋ! ቀስ ይበሉ እማማ፤ እኔ እኮ ከአያቴ ስም አላልፍም!» አለች አስተርጓሚዋ ዕብራይስጥ ቀላቅላ።

አማካሪዋ ጭምር ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«በሕፃንነቱ የሞተ፣ ልቡን የታመመ አለ ወይ?»

«የለም» አለች እናቴ ፈጥና።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔዬን እንድነግራቸው ቀጠሩኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ከክሊኒኩ አጠገብ ባለው በኢትዮጵያ ጎዳና ሽቅብ ወጣሁ፣ ቁልቁል ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። እዚያ ካለው የኢትዮጵያውያን ገዳም ግንብ ወዲያ መነኮሳት በአማርኛ ሲጫወቱ ይሰማል። እናቴ ከኋላ ከኋላዬ ትላለች።

«ኧረ ቁሚ! የያዝሽውን አናወጥሽው እኮ!»

አልቆምኩም። በሦስተኛው ዙር ግንቡን ተደግፋ ቀረች።

«ካንቺ በፊት ነበረኝ» አለች።

«ምን?»

«ልጅ። ጡት ሲይዝ ከንፈሩ ይጠቁር ነበር። አርባ ቀናችን ሞልቶ ለብቻችን ከነበርንበት የአራስ ጎጆ ሳንወጣ ሞተ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«ዘራቸው በሽተኛ ነው ብላ እንድትጽፍብሽ?»

ልጮኽባት አፌን ከፈትኩ። የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ጫነች። ከጠዋት ጀምሮ አላርፍ ያለው እግሬ ያን ጊዜ ቆመ።

«መርፌውን እወጋለሁ» አልኳት። «ይህንንም እነግራታለሁ።»

ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ክሊኒኩ ገፋ አደረገችኝ።

«ወንድ ነበር በያት። ሂጂ እንጂ፣ ሳይዘጉ!»