የተዋሰችው ቤት

ኢብቲሃልን እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጎበዝ ነበረች ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ጎበዝ ነበረች እንጂ! በሳሎኔ ካለፉት የከተማችን የዘርቃ ሴቶች ሁሉ ቅጽሉን ከነቦታው፣ ተውሳከ ግሱን ከነለዛው የሚያስቀምጥ እንደሷ አላየሁም። የሷ ችግር ሌላ ነበር።

ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምድር ቤት ያለው ሳሎኔ ክፍል ሆኗል። የሚመጡት ባሎቻቸው እንግሊዝ አገር ያሉ ሙሽሮች ናቸው። ባላቸው ዘንድ ለመሄድ የጀማሪዎችን የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በሬን ቆልፌው አላውቅም። ድመቱም ጎረቤቱም አቧራውም እንዳሻው ይገባል። «ሌባ አትፈሪም?» ይሉኛል። ምን ሊወስድ? ያንን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ የሚያድር ፍሪጅ? ተሸክሞ በገላገለኝ!

ኢብቲሃል የምትኖረው ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር፣ ከአማቷ ከኡም ናይፍ፣ ማለትም ከናይፍ እናት ጋር። ባሏ ናይፍ አንድ በጋ መጥቶ አገባትና የሠርጉ ከረሜላ ሳያልቅ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ሲሄድ እናቱን «አደራሽን» አላት። ልጅቷን የቆለፈባት ይኸው ቃል ነው። እኛ ዘንድ ባሏ ሩቅ ያለ ሴት ብቻዋን ደጅ ከታየች ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ኡም ናይፍ ደግሞ በአደራ ነገር ቀልድ አታውቅም። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ይህን ልናገርላት ይገባል። ምራቷን አታስርባትም፣ አትሰድባትም፣ እንዲያውም ትወዳታለች። ብቻ ኢብቲሃል ዳቦ ልትገዛ እንኳ ወርዳ አታውቅም፤ ልብስ ለማስጣትም ሰገነት ላይ የሚወጡት አብረው ነበር።

ወደ እኔ ትምህርትም አብረው ነበር የሚወርዱት። ኡም ናይፍ ሩዝ ሊሞላበት ውስጡ የሚፈለፈል ዝኩኒ በትሪ ይዛ ትመጣና ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ ዝኩኒዋን ትፈለፍላለች። ለተውሳከ ግስ ትምህርት ሻይ ማስቀዳት ነው ልማዴ፦ በዝግታ ቅጂ፣ በፍጥነት ቅጂ፣ በጸጥታ ቅጂ። አንድ ቀን «በዝግታ ተራመዱ» ብዬ ሴቶቹን ሳስነሳ ኡም ናይፍም ማንም ሳይጠራት ተነስታ ሳሎኑን አቋረጠች።

«ይህን እኔም እችለዋለሁ» አለች ጉልበቷን እያሻሸች። «ጉልበቴ ካስተማረኝ ቆየ።»

ሳቅን። ግን ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ እንግሊዝኛውን ትሰማ ነበር። ቀለም ያልቆጠረች ናት፤ ጆሮዋ ግን ያልፈለፈለው ቃል አልነበረም። የልጅቷም መከራ ይኸው ነበር።

«በይ፣ ቤትሽን ንገሪኝ» አልኳት ኢብቲሃልን አንድ ቀን።

አማቷን አየት አደረገችና በእንግሊዝኛ «ቤቴ ትልቅ ነው» አለች።

«ማሻአላህ በይ!» አለች ኡም ናይፍ፣ የወንበሩን እንጨት እያንኳኳች። «ለፈረንጅ ትልቅ ቤት አለን ብለሽ ዓይን ልታስበይን ነው?»

«እሺ አክስቴ» አለቻት፣ እኛ ዘንድ አማት እንደምትጠራው። «ቤቴ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ? ምን ጎድሎበት ነው ትንሽ? የልጄን ቤት በሰው ፊት ታዋርጂብኛለሽ?»

ልጅቷ መሃል ላይ ቀረች። ቢያመሰግኑት ዓይን ይበላዋል፣ ቢያማርሩት ነውር ነው። ታዲያ ምን ተረፈ? «ቤቴ ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ።

«እንዲህ ነው እንጂ ንግግር!» አለችና አማቷ ወደ ዝኩኒዋ ተመለሰች።

ለፈተና ዋና ከተማው ዐማን ከአማቷ ጋር ሄዳ ወድቃ ተመለሰች። ማመን አቃተኝ። ሁሉን ቃል ታውቀዋለች እኮ! ቀይ፣ ሰፊ፣ ጨለማ፣ አልፎ አልፎ፣ ዘወትር፣ በጭራሽ... ከእንቅልፏ ብቀሰቅሳት ትዘረግፍልኛለች።

«ስለ ቤትሽ ሲጠይቁሽ ምን አልሽ?»

«ጥሩ ነው አልኩ፣ ሚስ ዊዳድ።»

«ስለ አማትሽስ?»

«ጥሩ ናቸው አልኩ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ብዙ ጊዜ ቀኑን እንዴት ታሳልፊያለሽ ሲሉሽስ?»

«እሱንም ጥሩ አልኩ።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ልጅ! አማትሽ እኮ ፈተናው ክፍል ውስጥ አልነበሩም! በሩ ላይ አስቀርተዋቸው የለ?»

አንገቷን ደፋች። «አልነበሩም። አፌ ግን ከሳቸው ጋር ነው የሚኖረው» አለችኝ በቀስታ።

ኡም ናይፍ ወጥ ቤቴ ውሃ ልትጠጣ ገብታ ስለነበር አልሰማችም። እኔ ግን ያን ማታ መላ ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ። የዚያች ልጅ መውጫ በር ያ ፈተና ብቻ ነበር። ሁለተኛ ከወደቀች ናይፍ ማስፈተኑ ሊሰለቸው ይችላል፤ ባል የሰለቸው ነገር ደግሞ እዚያው ነው የሚቀረው።

በሚቀጥለው ትምህርት መላ መጣልኝ። «የራስሽን ቤት ተዪው» አልኳት። «የእኔን ንገሪኝ። እንዳትፈሪ፣ ያየሽውን ሁሉ።»

መጀመሪያ አመነታች። ከዚያ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ለቀቀችው።

«የሚስ ዊዳድ ቤት በጣም አሮጌ ነው። ሶፋው ቆሻሻ ነው። ፍሪጁ ሁልጊዜ ይጮኻል። ሻዩ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ሚስ ዊዳድ በፍጥነት ትቆጣለች።» እዚህ ላይ በሬን ዞር ብላ አየችው። ድመቱ ደፉ ላይ ተጋድሞ ነበር። «በሩ በጭራሽ አይቆለፍም» አለች። ይህቺን በዝግታ ነው ያለቻት፤ ከፍ ዝቅ አድርጋ፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኳት።

ፈጥኖባት ነበርና ኡም ናይፍ ተርጉሚልኝ አለች። ስተረጉምላት መፈልፈያው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «ስለ ሻይሽ ያለችው እውነት ነው፣ ወላሂ!»

«ይኸው፣ ቤቴን አውሼሻለሁ» አልኳት ኢብቲሃልን። «ፈተና ላይ ቤትሽን ሲሉሽ የእኔን ንገሪያቸው። ሶፋውንም ስደቢው፣ ፈቅጃለሁ።»

አለፈች። ያ ሁሉ ቅጽል በቤቴ ላይ ዘነበ፣ እሷም አለፈች። የሄደች ዕለት አማቷ ክሩን ከአንገቷ አውጥታ በሩን ከፈተችላት፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዲት ልጅ እንኳ ከአንድ በር ማሳለፍ ቀላል ነገር አይደለም ብዬ።

ኡም ናይፍ ግን መምጣቷን አላቆመችም። በትምህርቱ ሰዓት ትሪዋን ይዛ ትወርዳለች፣ እዚያው ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ቁልፉም እንደ ልማዱ አንገቷ ላይ ነው።

«አሁን ማን አለሽና ትመጫለሽ?» ብላት፣

«ላይስ ማን አለኝ?» አለችኝ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ኢብቲሃል ነበረች። ኡም ናይፍም እንድትሰማ ድምፁን ለቀቅኩት። አማትና ምራት ሰላምታውን አወረዱት፤ ጤናው፣ ብርዱ፣ ምግቡ። ከጀርባ የናይፍ ድምፅ ይሰማል፣ «ሚስን ሰላም በያቸው» ይላል።

«ቤቱ እንዴት ነው ልጄ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው፣ ሚስ።»

«ናይፍስ?»

«ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ውሎሽስ እንዴት ነው?»

«ጥሩ።»

ይህን ጥሩ አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ እዚህ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታወጣው ሰምቻለሁ! በአረብኛ እንዳልጠይቃት ባሏ አጠገቧ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንዳልጠይቃት ባሏ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ምን ላድርግ? በመጨረሻ በእንግሊዝኛ «ትምህርትሽን ረስተሻል መሰለኝ» አልኳት። «እስቲ የእኔን ቤት ንገሪኝ።»

ድምፅዋ መጣ፤ ቅጽሉ ከነቦታው፣ ተውሳከ ግሱ ከነለዛው።

«ቤትሽ በጣም ጠባብ ነው፣ ሚስ ዊዳድ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። በርሽ ሁልጊዜ ይቆለፋል። በጭራሽ አትወጪም። ሌሊት በጸጥታ ታለቅሻለሽ።»

ከወዲያ ናይፍ ሲስቅ ተሰማ። «ምን አደረጉሽ ምስኪኗ አስተማሪ? እንዲህ ይታማሉ?»

መፈልፈያው ቆሟል። ቀና ስል ኡም ናይፍ ዝኩኒውን እንደያዘች በሬን ታያለች። በሬ እንደ ወትሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ድመቱ ደፉ ላይ ነው።

«ዊዳድ» አለችኝ። «የማን በር ነው ሁልጊዜ የሚቆለፈው ያለችው?»

«የእኔ ነው ያለችው።»

«ያንቺ በር መቼ ተቆልፎ ያውቃል?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ አንገቷ ሰደደችና ክሩን ያዘች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። እንዲያ ሆና ሳያት የተናደድኩባት ሁሉ ተነነብኝ። ከዚያ ሌላውን እጇን ዘረጋችልኝ።

«አምጪ ስልኩን።»

ሰጠኋት። አፏ ላይ አስጠግታ፣ ሩቅ ያለ ሰው እንደምትጠራ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ናይፍ፣ እናትህ ነኝ። የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?»