ለአበባው አውሮፕላን የተባለ አሜን

ወሬው የደረሰኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለነገው ቅዳሴ ነጠላዬን እየተኮስኩ ሳለሁ ነው። እኔ የምኖረው ኬፕ ታውን፣ የአፍሪካ ምድር የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። የደወለችው አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ካልሆነ የማትደውል ልጅ በዚያ ሰዓት ስትደውል ደንግጬ ካውያውን አቆምኩት።

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ደህና ናት። ምን ያስደነግጥሻል? ኤርፖርት ሊሠራ ነው ልልሽ ነው።»

«የምን ኤርፖርት?»

«አዲስ ነዋ! ማለቴ፣ ቦሌ ጠቦ የለ? በቃ፣ ትልቁን ቢሾፍቱ አካባቢ ሊሠሩት ነው። እማዬ በቴሌቪዥን ሰማች። ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለሽ? ከእኛ በረንዳ ይታያል ወይ?»

«ምን አልሻት?»

«አውሮፕላኖቹ ቅርብ ሳይሆኑ አይቀሩም አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ። ‹ቢቀርቡስ ምን ላደርጋቸው› አለችና ተነስታ ገባች።»

እህቴ የደወለችው ለዚህ ነበር። ለኤርፖርቱ አልነበረም። እናቴ ስለ አውሮፕላን እንዲህ ብላ አታውቅማ።

ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን አምስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት፣ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ነበር። ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ወደ ወሎ ሰፈር በኩል ያየ ሰው አውሮፕላን ሲወርድና ሲነሳ ከቆርቆሮው በላይ ይታየዋል። እኛ ልጆቹ ድምፁን ስለለመድነው ቀና ብለን አናይም ነበር። ቀና የሚሉት ትልልቆቹ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ጎረቤታችን ጋሼ። ዕድሜ ልካቸውን ቦሌ ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አንድም ቀን ተሳፍረው የማያውቁ ሰው ናቸው። «የሰው ሻንጣ ስንት አገር ልኬ፣ እኔ ናዝሬትን አላለፍኩም» እያሉ ራሳቸው ላይ ይቀልዳሉ።

አባታቸው ልደታ ሜዳ ላይ ስታርፍ ስላዩአት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የነገሯቸውን እሳቸው ለኛ ይነግሩን ነበር። በዚያን ጊዜ ልደታ ነበር ማረፊያው። ከማረፏ በፊት ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች የሚያባርር ሰው ይላክ ነበር አሉ። ሰዉ ነጠላውን አደግድጎ፣ ንግሥ እንደሄደ ሰው፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ከዚያ ጄት መጣ፤ ጄቱ ረጅም መንደርደሪያ ፈለገ፤ ቦሌ ተሠራ። ጋሼ የተቀጠሩት ያኔ ነው።

እናቴ ደግሞ ታሪኩን የምትቆጥረው በሌላ ነገር ነው፤ ሸኚ የት ድረስ ይገባ ነበር በሚለው። ልጃገረድ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ለትምህርት ሲሄድ ቤተሰቡ በሙሉ ክቱን ለብሶ ቦሌ ሰገነት ላይ ወጣ። ያኔ ሸኚ የሚቆምበት ሰገነት ነበረው። ወንድሟ ሜዳውን በእግሩ አቋርጦ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። ኮፍያውን አነሳ። «ፊቱን አየሁት» ትላለች እናቴ እስከ ዛሬ፤ «ከንፈሩን እንደነከሰ አየሁት።» አያቴ ከሰገነቱ ላይ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ አጠገባቸው የቆመው፣ የሚያውቃቸውም የማያውቃቸውም ሸኚ፣ አሜን አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ሰገነቱ ተዘጋ። ደረጃው ቀርቶ ተሳፋሪው በቱቦ ውስጥ አልፎ የሚገባ ሆነ። ቆይቶ አዳራሹ ውስጥ መግባትም ቀረ፤ ሸኚ የሚመለሰው ከበሩ፣ ከመኪና ማቆሚያው ሆነ። እናቴ አታማርርም፤ ለጥበቃ ሲባል እንደሆነ ታውቃለች። ግን እንዲህ ትል ነበር፦ «እያደር ወደ ኋላ ገፉን፣ ገፉን፤ ካዛንቺስ አደረሱን።»

እውነቷን ነው፤ እኔን የሸኘችኝ ከካዛንቺስ ነው። ባለቤቴ ቀድሞኝ እዚህ ሱቅ ከፍቶ ነበርና ተጋብተን ልከተለው ስነሳ ግቢው በሙሉ ሚኒባስ ተኮናትሮ ቦሌ መኪና ማቆሚያው ድረስ ብቻ አደረሰኝ። ሻንጣዬን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስመዝኛለሁ፤ ሚዛን አልፎ እንዳልዋረድ። እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችውን የቂርቆስ ጠበል ግን የፈታሹ ልጅ ፈሳሽ አይገባም አለኝ። መጣል እንዴት ይሆናል? አማትቤ እዚያው ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ልጁም እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ እግዜር ይስጠው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁም፤ የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

ሸኚዎቹ ወደ ግቢ ሲመለሱ እናቴ ማንንም ወደ ቤት አላስገባችም። «ልጄ ሳትነሳ ማን ይቀመጣል?» ብላ ሁሉንም ቧንቧው አጠገብ አቆመቻቸው። ሰዓቱ ሲደርስ በወሎ ሰፈር በኩል አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ከቆርቆሮው በላይ ብቅ አለ። እናቴ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«የወጣሽበት መንገድ ያግባሽ!»

«አሜን!»

«ክንፉን መላእክት ይደግፉት!»

«አሜን!»

«ሂጂ፤ ወልደሽ፣ ከብደሽ፣ ስመሽ ተመለሺ!»

«አሜን! አሜን!»

ሁለተኛው በር ያሉት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ድምፃቸው ከሁሉም ይበልጥ ነበር አሉ፤ በአሜናቸው የመንገዱ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ጠራረገና ቁርስ ቀረበ።

እንጀራው ገና ሳይቆረስ ስልኩ ጮኸ። እኔ ነበርኩ።

«እማዬ፣ አታስቢ፤ በረራው ዘግይቷል። ገና ቁጭ ብለናል።»

እናቴ ስልኩን እንደያዘች ወደ ሰዎቹ ዞረች። ወዲያው፣ እኔም እየሰማሁ፣ «ታዲያ ማንን ነው የመረቅኩት?» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ቀድሞም ጠርጥረው ኖሯል። «እህቴ» አሉ፤ «ያ መስኮት የለውም። የጭነት ነው። ይሄኔ አበባ ጭኖ ነው ወደ ፈረንጅ አገር የሚሄደው።»

«አበባ?»

«ጽጌረዳ። ወልዶ ከብዶ ይመለሳል እንግዲህ።»

የግቢው ሳቅ እኔ ጋ ኤርፖርት ድረስ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ «እያወቁ ዝም አሉን? ጉሮሮዬን ለጽጌረዳ ነው ያደረቅኩት?» ብለው ጋሼን ያዟቸው። እሳቸውም፣ «ምርቃት ይቋረጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉ።

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ቢሆንስ?» አለች። «የሚነዳው ልጅ እናት የለችውም? ያም በሰላም ይግባ። ተነሱ እንግዲህ፣ የልጄም ሲደርስ እንደገና ነው።»

የኔ አውሮፕላን ሲነሳ የቱ እንደሆነ በእርግጠኝነት የለየ ሰው አልነበረም፤ ጋሼም ደመናው ከለከላቸው። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ያለፈው ሁሉ ተመረቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ልማድ ሆኖ ቀረ። እናቴ ልብስ እያሰጣችም፣ ሽንኩርት እየላጠችም ቢሆን አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ትልና «በሰላም ያግባችሁ» ትላለች፤ ከአንዱ በር አሜን ይመጣል። ከወጥ ቤት፣ ከሽንት ቤትም ሳይቀር አሜን ይሰማል ትለኝ ነበር እህቴ። እሷ በስልኳ አውሮፕላኖቹን የሚያሳይ ነገር ጭና፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ከዱባይ የመጣ ነው፤ ያኛው ናይሮቢ ሂያጅ ነው» እያለች ታሳያታለች። እናቴ፣ «እሱን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ለኔ አትንገሪኝ» ትላታለች።

እኔ እዚህ ሰው አገር ስኖር፣ በሄድኩበት በረራ ሁሉ ልክ ጎማው መሬት ሲለቅ ትከሻዬ ላይ እጅ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው፣ «የእናት ነው፣ ያዥው» ብለውኛል።

ካዛንቺስ ፈረሰ። ይህንን የማያውቅ የለም። የኛም ግቢ መንገድና አትክልት ሆኗል፤ እህቴ ፎቶውን ልካልኛለች፣ ያምራል፤ ቧንቧው የቱ ጋ እንደነበር ግን መለየት አቃተኝ። እናቴና እህቴ ገላን በኩል ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ጋሼ መስቀል ፍላወር ልጃቸው ጋ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሌላ ጫፍ፣ የቀሩትም እንዲሁ በየአቅጣጫው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃው እቤት ውስጥ ነው፣ እናቴ ታመሰግናለች። ከበረንዳዋም አውሮፕላን በሩቅ ይታያል።

ግን እጇን አታነሳም። ከእህቴ ስልክ በኋላ ራሴ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ መመረቅ ተውሽ አሉኝ።»

«ማን አሜን ሊለኝ?» አለችኝ። «ብቻዬን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ሰማይ ባናግር፣ አዲሶቹ ጎረቤቶች ያቺ አሮጊት ለቀቀች ይሉኛል። አያትሽ የመረቁት በሰው መሐል ነው። እኔም በሰው መሐል ነው።»

«እግዚአብሔር ብቻሽንም ብትሆኚ ይሰማሻል እኮ።»

«ይሰማል። እኔ ነኝ የማልሰማው።»

በስልክ አሜን ልበልሽ አልኳት። ሞከርነው። እህቴ ስልኩን በረንዳ ላይ ይዛላት ቆመች፤ አውሮፕላን መጣ፤ እናቴ «በሰላም ያግባችሁ» አለች፤ የኔ አሜን መስመሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ደረሰ። «አየሽ» አለች እየሳቀች፤ «አውሮፕላኑ አለፈ፣ አሜንሽ ገና መንገድ ላይ ነው።» ሳቋ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደገና እንሞክር ስላት፣ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን ነው መልሷ። እህቴ እንደምትለኝ አሁን በረንዳው ላይ የምትወጣው ልብስ ለማስጣት ብቻ ነው። ሰው ምግብ መብላት ሲተው እንደሚፈራለት ነው የፈራሁላት።

አዲሱ ኤርፖርት እስኪያልቅ ዓመታት ይወስዳል። ሲያልቅ ምናልባት አውሮፕላኖቹ በራሷ ላይ ያልፉ ይሆናል። እናቴ አርጅታለች፤ እስከዚያ ልጠብቅ አልልም።

ስለዚህ ይህንን የምጽፈው በዚያ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ ቆማችሁ ለነበራችሁ ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለፋሲካ እመጣለሁ። እባካችሁ፣ ልትቀበሉኝ ቦሌ አትምጡ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማችሁ አትድከሙ። እናቴ ጋ ሂዱ። እህቴ ቀኑን ትነግራችኋለች። ጋሼ፣ ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው፣ አረፍ እያሉ ይውጡ። እትዬ፣ ድምፅዎን ይዘው ይምጡ፣ ጎረቤት ቢደነግጥ ግድ የለም። በረንዳው ላይ ከጎኗ ቁሙላት፤ እጇን እስክትዘረጋ ጠብቋት፤ አውሮፕላን ሲታይ አሜን በሏት። የኔው መሆኑን አታጣሩ። በረራው ሊዘገይ ይችላል፤ ቀድሞ የመጣው አበባ የጫነ ቢሆንም፣ ለእሱም በሉ።