ቀዩ መብራትና የሐጂ ጥርስ

ትናንት ጠዋት፣ ሰኞ ገበያ... የሐጂ ሰይድ የእህል መደብር በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጋሽ ተካ ቀድመውኝ ገብተዋል። እጃቸው ላይ የያዙት ደግሞ የኔን ሥራ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራኖቻችን እንደ ጽሑፍ በቀለም የሚታተም ኤሌክትሮኒክስ ገበያው የሚታጠፍ ስልክ ነው ይሉን ነበር። እኔ ግን ገበያው ጆንያ ውስጥ ነው ብዬ ተነሳሁ። ፒያሳ ባለው የጋሽ ተካ የቲሸርት ማተሚያ ቤት፣ ሥራ ሲያበቃ እየገባሁ፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም ስስ ፕላስቲክ ላይ መስመር አተምኩ። እህል ውስጥ ሲገባ እርጥበት ካገኘ ቀይ መብራት ይበራል፤ ደረቅ ከሆነ አረንጓዴ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ልክ መሥራት ሲጀምር ጋሽ ተካ «ከእንግዲህ እንዳትመጪ» አሉኝና የማተሚያ ፍሬሜንም ቀለሜንም አስቀሩት።

«ይሄን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ሐጂ» እያሉ ነው አሁን ጋሽ ተካ።

«ጋሽ ተካ፣ ያ የኔ ነው» አልኩ።

«ቀጥሬያት የነበረች ልጅ ናት ሐጂ፣ አይስሟት።»

ሐጂ ሁለታችንንም አዩን። «እስቲ መጀመሪያ ይሥራ። ባለቤቱን ኋላ እናገኘዋለን።»

ጋሽ ተካ ፕላስቲኩን ቀጭን ዘንግ ላይ አስረው እስከ አንድ የማሾ ጆንያ መሃል ሰደዱት። ትንሽ ቆየ... ቀይ በራ።

ሐጂ ከጆንያው አፍ አንድ ዕፍኝ ዘገኑና አንዷን ፍሬ ነከሷት። ቀጭ አለች። የእኛ አገር ነጋዴ እህል የሚፈትነው በጥርሱ ነው፤ በጥርስ ላይ ደግሞ ይግባኝ የለም።

«ድርቅ ያለ ማሾ ነው። ዕቃህ ዋሸ» አሉ። የጎረቤት ነጋዴዎች ሳቁ።

ጋሽ ተካ ዘንጉን መዝዘው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት... የሠራችው እሷ ናት። እኔ ማተሚያ ቤቴን ነው ያዋስኳት። ጌታ ምስክሬ ነው፣ እጄ የለበትም።»

እውነት ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ። የጠዋቱ ጉም ገብቶበት ይሆን? ግን አፌ ቀደመኝ።

«አዎ፣ የኔ ነው። ተሳስቶም ከሆነ የኔ ነው። ጆንያውን ያስዘርግፉትና እንየው።»

«ደረቅ ቢሆንስ?»

«አንድ በአንድ ለቅሜ እመልሰዋለሁ።»

ሸራ ላይ ተዘረገፈ። የላይኛው እየተንሿሿ ወረደ... ከዚያ መሃሉ እንደ ጭቃ ዱብ አለ። ጎንቁሏል። ነጭ ነጭ ጅራት አውጥቷል።

ሐጂ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ሱብሃነላህ... ሻጩ ደረቁን ከላይ አልብሶ ነው የሸጠልኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን በጥርሴ ስነግድ ስንቱ ሸውዶኛል።»

ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሐጂ... አብረን ነው የሠራነው።»

«ተካ፣ አሁን ጌታን ምስክር ጠርተህ እጄ የለበትም ብለሃል። ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቷል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አብሽሪ ልጄ። ይሄን ዕቃ ለኮምቦልቻው መጋዘኔ መቼ ታደርሺልኛለሽ?»

ከሰዓት በኋላ ፍሬሜና ቀለሜ ከጋሽ ተካ ዘንድ በባጃጅ ተልከው መጡ። እቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተዘረርኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈስኩ።

የኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ሽማግሌ ስፈልግ ነበር የከረምኩት... ለካ ከራሳቸው ከጋሽ ተካ የተሻለ ምስክር አልነበረኝም።