የዓሦቹን ጾም ያስፈታሁ እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም አልነገርኋት። ለእናንተ የምደፍረው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል። ደግሞ ሳስበው ሳቄ ይቀድመኛል፤ እየሳቀ የሚናዘዝ ምን ዓይነት ኃጢአተኛ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በመጣን በዓመቱ ግድም፣ ረሆቮት ውስጥ የዓሣ ጤና በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ሥራ ያዝሁ። ከአርቢዎች ኩሬ የመጡትን ዓሦች በገንዳ እጠብቃለሁ፤ ዶክተሯ ከጅራታቸው ሥር ደም በመርፌ ትቀዳና ስኳሩን ትለካለች። ስኳሩ ከፍ ካለ ዓሣው ተጨንቋል ወይም ታሟል ይባላል። ምግብም ስኳሩን ስለሚያወጣው በምርመራው ዋዜማ ምንም አይቀምሱም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ጾመን በምንጸልይበት በዓላችን፣ በስግድ ዕለት፣ ኢየሩሳሌም ውዬ፣ ጾሜን ፈትቼ፣ ጨፍሬ፣ የተረፈኝን ዳቦ በከረጢት ይዤ ስመለስ ወደ ገንዳው ጎራ አልሁ። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እኔ ጠግቤ እነሱ በስግድ ይራቡ? አንጀቴ አልቻለም። ዳቦውን ፈርፍሬ በተንሁላቸው። እንዴት እንደተሻሙ ብታዩ! እኔም አብሬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ስኳሩ ጣራ ነካ። የዓሦቹ ባለቤት ዘካርያ የሚባሉ፣ መዝከረት ባትያ አጠገብ የሚያረቡ የመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ዓሣውን ሸጠው ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ዶክተሯ «እስክንደግመው አንድም እንዳይሸጡ» አለቻቸው።

«ሠርጉስ?» አሉ ሽማግሌው።

እኔ ባልዲዬን ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። ዝም አልሁ። ሥራዬን ፈርቼ ነው? አዎ፣ ፈርቼ ነው። ያበላሁ እኔ፣ ዝም ያልሁም እኔ።

ለሁለተኛው ምርመራ ዓሦቹን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኋቸው፤ ፍርፋሪም አላዩ። ስኳሩ ወረደ። «ቤሰደር፣ ሁሉም ደህና ነው፤ ጤነኞች ናቸው» አለች ዶክተሯ፤ ወደ እኔ እየጠቆመችም «እሱ ነው የተንከባከባቸው» ብላ ጨመረችበት።

ሽማግሌው ሠርጉ ላይ ጠሩኝ። ሄድሁ እንጂ! ዓሣው ተጠብሶ ቀረበ፣ በላሁ። በየመናውያኑ ከበሮ እስክስታ ወረድሁ፤ ሙሽራዋ እንደ እኔ ትከሻዋን ልትሰብቅ ስትታገል በሳቅ ሞትን። ሽማግሌው ከበሮውን አስቁመው «ያላ፣ ስሙኝ! ልጄን የዳረልኝ ይህ ልጅ ነው» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ስለ ዳቦው ይቅርታ አልጠይቅም፤ ዛሬም ቢሆን አንጀቴ አይችልም። ሽማግሌው ግን በእኔ ጦስ እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱ። ሠርጉ ላይ እውነቱን ብነግራቸው ስቀው እንደሚምሩኝ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልሁ? እዚያ ላይስ ፍርሃት አልነበረም። ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነው።