ቅሟል የተባለው በሽተኛ

ጭሮ ነርሲንግ ስንማር የልብ ምት መቁጠርን የሚንቅ ተማሪ ብዙ ነበር። ሁላችንም የምንፈልገው ቶሎ መርፌ ይዘን ሰው ፊት መቆምና «ሲስተር» መባል ነበር። የኔማ የባሰ ነበር። የሰው እጅ ይዞ ሰዓት እያዩ መቆም የሥራ ፈት ሥራ ይመስለኝ ነበር። መምህራችን ግን ሁለት ጣታችንን የጓደኛችን እጅ አንጓ ላይ አስቀምጠን አንድ ሙሉ ደቂቃ አፋችንን እንድንዘጋ ያስገድዱን ነበር። እኔን ዝም ማሰኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቤተሰቦቼን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ከጭሮ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። እዚያ ከደብተሬ ያላገኘሁትን ነገር ተማርኩ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣን ወንድ «ዛሬ ቅመሃል?» ብለው ሳይጠይቁ የልብ ምቱን መመዝገብ ከንቱ ድካም ነው። አገሩ የጫት አገር ነው። በርጫ ላይ የዋለ ሰው ልቡ ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ትንደቀደቃለች። መጀመሪያ ሰሞን የአንዱን ቆጥሬ ደንግጬ ስሮጥ ነርሶቹ ሳቁብኝ። ከዚያ እኔም ብልጥ ሆንኩና «መርቅኖ ነው» ብዬ ማለፍ ለመድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረምሳ ጓደኛውን ደግፎ ገባ። ሁለቱም አይሱዙ ላይ ጫት የሚጭኑ ልጆች ናቸው። የታመመው ከጭነቱ ላይ ሲወርድ ተንሸራትቶ በግራ ጎኑ ወድቋል። ሸሚዙ ላይ ቅጠል ተጣብቋል፤ ጉንጩም ትንሽ አበጥ ብሏል። ጎኑን ያመዋል፣ ደግሞ ግራ ትከሻውን። ከላይ ሲታይ ቁስል የለውም። የልብ ምቱን ቆጠርኩ፤ ይሮጣል።

«ቅመሃል?» አልኩት።

ጓደኛው ቀደመው። «ቅሟል፣ ቅሟል! ወላሂ ከጠዋት ጀምሮ አብረን ነን።»

በሽተኛውም ዝቅ ባለ ድምፅ «አዎ» አለ።

ተረኛዋ ነርስ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ይዛ ነበር። «ጫቱ ነው፤ ማስታገሻ ስጪውና ጋደም ይበል፣ መጥቼ አየዋለሁ» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ በሷ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ግን የልጁ እጅ በረዶ ሆኖብኛል። የመረቀነ ሰው ያወራል፣ ዓለምን ልግዛ ይላል፤ ይሄ ግን ቀዝቃዛ ላብ እያላበው ጣሪያ ያያል። የደም ግፊቱን ለካሁ። ጫት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የሱ ግን ዝቅ ብሏል። ቆይቼ ደግሜ ስለካው ይባስ ወርዷል። ፈራሁ። ሆዱ ውስጥ እየደማ ከሆነ ዓይኔ እያየ መሞቱ ነው። እኔ ደግሞ ተማሪ ነኝ፤ ባለቤቱ ራሱ «አዎ» ያለውን ነገር ምን ብዬ እሟገታለሁ?

በሽተኛን ለብቻው ጠይቁ ተብለን ተምረናል። ጓደኛውን ካርድ እንዲያወጣ ላክሁት። መጋረጃውን ስቤ ጎንበስ አልኩና በኦሮምኛ፣ «እኔና አንተ ብቻ ነን፤ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት።

ወደ በሩ አየ። «ኦቦሌቲ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ «አልቅምም። ጴንጤ ነኝ። ጉንጬ ውስጥ ይዤው እቆይና እተፋዋለሁ። የማይቅም ጉልበት የለውም ብሎ አለቃችን ጭነት አይሰጠኝም። ለጓደኛዬ እንዳትነግሪብኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሄ ልጅ ግን የደበቀው ጤናውን ነበር። ለነርሷ መናገሬ እንደማይቀር፣ ለጓደኛው ግን እንደማልተነፍስ ነገርኩት።

«ሲስተር፣ አልቃመም። ግፊቱም እየወረደ ነው» ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ መጣች። ሆዱን ጫን ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው የደም ሥር ፈሳሽ ሰካንለት፤ አምቡላንስ ተጠራ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ እስከ ጭሮ ሆስፒታል ድረስ እጁን አልለቀቅሁም። ምቱ ከጣቴ ሥር እየሳሳ ሲሄድብኝ በልቤ እጸልይ ነበር። ጓደኛው እግሩ ሥር ተቀምጦ የኔን ፊት ብቻ ያያል።

ጣፊያው ተቀዶ ኖሯል። ቀዶ ጥገናው ተሳካና ተረፈ።

በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ ጓደኛውን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ግንብ ተደግፎ አገኘሁት። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይሞት እንደነበር ሐኪሞቹ ነግረውታል።

«መጀመሪያ ለምን ጋደም ይበል አላችሁት?» አለኝ።

ቃል ገብቻለሁና ቸገረኝ። «ጫቱ መስሎን ነው» ብቻ አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «እንደማይቅም እኮ አውቃለሁ» አለ። «ዞር ብሎ ሲተፋ ስንቴ አይቼዋለሁ። አለቃችን በጠየቀ ቁጥር ቅሟል የምለው እኔ ነኝ፤ እንዳያባርረው ብዬ። እናንተ ስትጠይቁም አፌ ለምዶ አወጣው። እሱ የሸፈነውን እኔ ልግለጠው? … ልገድለው ነበር በይኛ።»

በጣም ተናደድኩበት። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው። አንዱ ለሌላው ሲደብቅ፣ ሌላው እንዳላየ ሆኖ ሲደብቅለት፣ በመሃል ሰው ሊሞት!

«ለኔ አይደለም፤ ለሱ ንገረው» አልኩና ይዤው ገባሁ።

በሽተኛው ነቅቷል። ጓደኛው አልጋው አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሻሽ ቆየ። በመጨረሻ፣

«አልሐምዱሊላህ» አለው፤ «እንኳንም አልቃምክ።»

በሽተኛው መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። አልነገርኩትም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ ትኩር ብሎ አየው። ሲገባው፣ ስፌቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ «አታስቀኝ፣ ያመኛል» እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።