ማህሌት የዘጋችው ቢዩሬት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ልናገር ሄጄ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ነግሬያቸው ተመልሻለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ማህሌትና እኔ የካዛንቺስ ልጆች ነን፤ ባዮሜዲካል ሳይንስ የተማርነውም አብረን ነው። የሁለታችንም ምኞት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ነበር። እኔ ኬሚስትሪን የምሸመድደው ለፈተና ነው። እሷ ግን ስኳር ያለባቸው እናቷ የሚውጡትን ኪኒን ካርቶን ይዛ ትመጣና፣ ወደ ባምቢስ በእግራችን ስንወርድ፣ "ይሄ እኮ ጉበት ላይ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?" ብላ ትጀምራለች። ክፍል ውስጥ ያልገባኝ ሁሉ መንገድ ላይ ይገባኝ ነበር። እወዳት ነበር። እቀናባትም ነበር።

መምህራችን ክረምቱን ለልምምድ ሆስፒታል የሚልከው አንድ ተማሪ ብቻ እንደሆነ ነገረን። መምረጫው ታይትሬሽን ነበር፤ ቢዩሬት ከሚባለው ባለመዝጊያ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ጠብ ጠብ የሚለው ቤዝ ከሥሩ ያለውን አሲድ ልክ ሲጨርሰው ፍላስኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። ካለፈ ይደምቃል፤ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

የማህሌት ፈሳሽ ሮዝ ሊሆን ጥቂት ጠብታ ሲቀረው ስልኳ ጠራ። እናቷን አሟቸው ነበር። መዝጊያውን አጠበቀች፣ በጣቷ ደግማ ነካችው፣ ወጣች። እኔ አይቻለሁ። እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ፈሳሹ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። ከዚያ መዝጊያውን ላላ አድርጌ ተውኩት።

ስትመለስ "ወይኔ! ሳልዘጋው ነው እንዴ የወጣሁት?" አለች።

"ተጣድፈሽ ይሆናላ" አልኳት። ምን ዓይነት ምላስ ነው ይህን ያለው?

ሌሎቻችን እንዲህ ሲያጋጥመን ከጎረቤት ቁጥር እንቀዳለን። እሷ ፍላስኩን እንዳለ ይዛ መምህሩ ዘንድ ሄደች። "መምህር፣ አሳልፌዋለሁ። የኔ ጥፋት ነው፣ በቃ።" ልምምዱን እኔ ወሰድኩት፤ ዛሬ የምበላው እንጀራም ከዚያ መጣ።

እሷ ረጅሙን መንገድ ዞራ ደረሰች። አሁን ክሊኒካል ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ከእኔ በእጅጉ የተሻለች ባለሙያ ናት ስል ከልቤ ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቿን ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ታመጣለች። በየዓመቱም እየሳቀች፣ "ልጆች፣ ሳትነሱ መዝጊያችሁን አረጋግጡ። እኔ አንዴ ረስቼ ክረምቱን ሙሉ አልቅሻለሁ። ይቺ ጓደኛዬ ምስክር ናት፣ ማለቴ፣ አጠገቤ ነበረች" ትላቸዋለች። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። በየዓመቱ እነቀንቃለሁ! የራሴን ጥፋት የእሷ ትምህርት አድርጌ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ልጅነት ነው ልል እችላለሁ። አልልም። ከእኔ እኩል ልጅ የነበረችው እሷ ምን እንዳደረገች አይቻለሁና።

ሐሙስ ተማሪዎቿን ይዛ ትመጣለች። ያንን ወሬ ስትጀምር፣ በልጆቹ ፊት አቋርጣታለሁ። "ማሂዬ፣ ዘግተሽው ነበር። ደግመሽም ነክተሽዋል። የከፈትኩት እኔ ነኝ።"